የሁሉም የተባለው መሬት ጌታ አለው
ከፕሊማውዝ እስከ ቀራንዮ

የመሬት ነገር በተነሳ ቁጥር «መሬት ይሸጥ» ባዮች የሚመዙት አንድ የአሜሪካ ታሪክ አለ። አጭር ነው፣ ለሰሚም ይጥማል። በ1620 እ.ኤ.አ. ሜይፍላወር በምትባል መርከብ 102 መንገደኞች ከእንግሊዝ ተነስተው አሜሪካ ገቡ። ብዙዎቹ ለእምነታቸው ሲሉ የተሰደዱ ክርስቲያኖች ነበሩ። ፕሊማውዝ በተባለው ቦታ ሰፈሩ። በጋራ አረሱ፣ ምርቱን አንድ ጎተራ አስገቡ፣ ከጎተራው ተሰፈረላቸው። ረሃብ ገባ። በ1623 ገዥያቸው ዊሊያም ብራድፎርድ ለየቤተሰቡ ማሳ ቆርሶ ሰጠ። ለግሞ የነበረው በረታ፤ አቅም የለኝም ያለችው እናት ሕፃናቷን ይዛ እርሻ ወረደች፤ ጎተራው ሞላ። ከዚያ ስብከቱ ይከተላል፦ የጋራ ያስርባል፣ የግል ያጠግባል፤ ስለዚህ የኢትዮጵያ መሬት ይሸጥ፣ ይለወጥ።

በወዲያኛው ወገን የቆመው ደግሞ ሕገ መንግሥቱን ይመዛል። አንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል። ይህ ባይኖር ኖሮ፣ ይላል ይኸኛው ወገን፣ ገበሬው በአንድ ክፉ ዓመት ማሳውን ለባለገንዘብ ሸጦ ከተማ ገብቶ ጎዳና ላይ በወደቀ ነበር።

ሁለቱ ወገኖች ለ30 ዓመታት ሲሟገቱ ኖረዋል። ሁለቱም ግን አንድ ነገር በዝምታ ይስማማሉ፦ «የመንግሥት» እና «የጋራ» አንድ ናቸው ብለው። የመጀመሪያው የመንግሥትን ጥፋት ቆጥሮ የጋራን ይረግማል። ሁለተኛው የጋራን በጎነት ጠርቶ መንግሥትን ያስመርቃል። በመካከል የሚጠፋው ሰው በአዲስ አበባ ምዕራብ ዳር፣ በቀራንዮና በዙሪያዋ፣ በአየር ጤና፣ በረጲ፣ በቤተል፣ በአለም ባንክ ይኖራል። እሱ በያዘው መሬት ላይ የግል ባለቤትም፣ የጋራ ባለቤትም አይደለም። ለማንሻ ደብዳቤ እስኪደርሰው ድረስ የተቀመጠ ሰው ነው።

ያልተነገረው የፕሊማውዝ ግማሽ

ከአሜሪካው ታሪክ እንጀምር፤ ሲተረክ ግማሹ እየቀረ ነውና።

የፕሊማውዝ የጋራ ጎተራ ከእምነታቸው የመነጨ አልነበረም፤ የሐዋርያትን ዘመን እንመልስ ብለው የፈጠሩት ሥርዓትም አይደለም። የንግድ ውል ነበር። ሰፋሪዎቹ ለጉዞው ገንዘብ ስላልነበራቸው ከለንደን ነጋዴዎች ጋር ተዋዋሉ። ውሉ የ7 ዓመት ነው። በነዚያ ዓመታት የተመረተው፣ የተጠመደው፣ የተሸጠው ሁሉ ወደ አንድ ካዝና ይገባል፤ ሰፋሪው ቀለቡንና ልብሱን ከዚያ ያገኛል፤ 7 ዓመት ሲሞላ ሀብቱ በነጋዴዎቹና በሰፋሪዎቹ መካከል በየድርሻቸው ይከፈላል። ስለዚህ የፕሊማውዝ ገበሬ ሲለግም የለገመው በወንድሙ ላይ ብቻ አልነበረም። ውቅያኖስ ማዶ ለተቀመጠ፣ አይቶት ለማያውቅ ባለአክሲዮን አላርስም ማለቱም ነበር። ይህን «የጋራ» ብሎ መጥራት የእርሻ ድርጅት ቅጥረኛን የድርጅቱ ባለቤት ብሎ እንደመጥራት ነው።

በ1623 የተሰጠውም ማሳ የግል ርስት አልነበረም። ለዚያ ዓመት በቆሎ ይዘራበት ተብሎ የተቆረሰ እንጂ ለልጅ የሚተላለፍ አልነበረም። በ1624 ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ኤከር፣ ግማሽ ሄክታር እንኳ የማይሞላ መሬት፣ በቋሚነት ተሰጠ። በ1627 ከብቱ ተከፋፈለ፣ ተጨማሪ መሬትም ተደለደለ፤ የለንደኖቹም ድርሻ በ1,800 ፓውንድ ዕዳ ተገዛ። የሣር ሜዳውና ግጦሹ ግን ከዚያም በኋላ በጋራ ሲተዳደር ቆየ። እንግዲህ በ1623 የተለወጠው የመሬቱ ስም አልነበረም። የዘራው ሰው የሚያጭደው እሱ ራሱ መሆኑን ማወቁ ነው። ምርቱን የጨመረው ይኸው ነው። መሸጥ መለወጥ ገና አልመጣም ነበር።

ሦስተኛው የተተወ ነገር ከሁሉ ይከብዳል። ፕሊማውዝ ባዶ ምድር አልነበረችም። ፓቱክሰት የሚባል የዋምፓኖአግ ሕዝብ መንደር ነበረች፤ ሰፋሪዎቹ ከመድረሳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ወረርሽኝ ጠርጎ ባዶ አደረጋት። እርሻው ቀድሞ የተመነጠረ፣ የሰው እጅ የነካው ነበር። ክርስቲያኖቹ «በጋራ እንያዘው ወይስ በግል?» ብለው ሲነጋገሩ «የማን ነበር?» የሚለው በጉባኤው አልተነሳም። በሰፋሪ አገር ሁሉ የመሬት ክርክር የሚጀመረው ከሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ገመድ፣ ቃላድና ታቦት

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። ቀራንዮ የሚለው ስም ራሱ ይናገራል። ጌታ የተሰቀለበት ስፍራ ስም ነው፤ ዛሬ መድኃኔ ዓለም በሚከብርበት ደብር ዙሪያ የሰፈር፣ ከዚያም የክፍለ ከተማ ስም ሆኗል። ሰፋሪ ክርስቲያን በሄደበት ታቦት ይተክላል፣ ቦታውን በመጽሐፉ ስም ይጠራል፣ ቀጥሎም መሬት ይለካል። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት ይህ ዙሪያ የቱለማ ኦሮሞ ግጦሽና እርሻ ነበር። ከተማዋ ስትቆረቆር መኳንንቱ ከነጭፍሮቻቸው ሰፈር ሰፈር ተመሩ። በ1907 እ.ኤ.አ. ዳግማዊ ምኒልክ ባወጡት ደንብ የከተማ ቦታ በግል መያዝ፣ መሸጥና መግዛት በሕግ ታወቀ። የግል የመሬት ባለቤትነት በአዲስ አበባ ዕድሜው ከመቶ ዓመት ይበልጣል፤ የጀመረውም በግዢ ሳይሆን በምሪት ነው።

በደቡቡ አገር ደግሞ ቃላድ መጣ። 66 ሜትር ገደማ የሚሆን ገመድ እየተዘረጋ መሬቱ በጋሻ ተለካ፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። ከተለካው ለባላባቱ ሲሶ ተተወ፤ የተረፈው ለመንግሥት፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለወታደሩና ለሹሙ ሆነ። መሬቱ ላይ ተወልዶ ያደገው አራሽ አንድ ቀን ጠዋት ሲነሳ ጭሰኛ ሆኖ ተገኘ። በሕግ ቋንቋ ይህ የግል ንብረት መስፋፋት ነበር፤ የሚሸጥ፣ የሚለወጥ፣ በወረቀት የተጻፈ። ለአራሹ ግን ነቀላ ነበር።

«የግል ይሁን» የሚለው ወገን ይህን ታሪክ ዘሎ ፕሊማውዝ ድረስ መጓዙ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የራስ አገር ምሳሌ ለክርክሩ አይመችም። በ1960 ዓ.ም ካዱ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የጭላሎ እርሻ ልማት በስዊድን ርዳታ አርሲ ላይ ሲጀመር ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ገባ፣ ምርት አደገ፣ መሬት ተወደደ። ያን ጊዜ ባለመሬቱ ምን አደረገ? ትራክተር አምጥቶ ጭሰኛውን አስነሳ። ንብረቱ የግል ነበር፤ ገበያው ነበር፤ ዕድገቱም ነበር። ያልነበረው አንድ ነገር ነው፦ አራሹ «አልነሳም» የሚልበት መብት።

የሰሜኑ ርስት ደግሞ ከሁለቱም ወገን ሳጥን አይገባም። ርስት የጋራ ነበር፤ ከአንድ አቅኚ አባት የሚወለድ ሁሉ በአባቱም በእናቱም በኩል ይጠይቅበታል። ርስት የግል ነበር፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ማሳ አርሶ የራሱን ጎተራ ይሞላል። ለባዕድ እንደልብ አይሸጥም፤ ጉልተኛውም ግብር ይበላ እንደሆን እንጂ ርስተኛውን ከርስቱ አይነቅለውም። በርግጥ ሙግቱ የማያልቅ፣ ማሳው የሚበጣጠስ፣ ሸማኔውንና ቀጥቃጩን ያገለለ ሥርዓት ነበር፤ ገነት አልነበረም። ሆኖም በ1960 ዓ.ም የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ጠመንጃ ያነሳው በገንዘቡ መጠን ብቻ ተቆጥቶ አይደለም። ግብሩን ተከትሎ ገመድ ይመጣል፣ ገመዱን ተከትሎ ርስት ይሄዳል ብሎ ነው። የደቡቡን አይቷልና ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም።

የኢትዮጵያ 1623

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። የጭሰኛው ቀንበር ተሰበረ። ከ1957 ጀምሮ ተማሪው «መሬት ለአራሹ» እያለ የጮኸለት ነገር ሲሆን በዓይን ታየ፤ የዚያን ቀን ደስታ ማንኳሰስ ግፍ ነው። በአዋጁ ግን መሬቱ ለአራሹ አልተሰጠም። አራሹ እስከ 10 ሄክታር ይጠቀማል፤ ባለቤቱ «የኢትዮጵያ ሕዝብ» ነው፤ ሕዝቡን ወክሎ የሚያዝዘው መንግሥት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ተከተለ። ጌታው ተሻረ፤ ዙፋኑ ግን አልተነሳም፤ ሌላ ተቀመጠበት።

ቀጥሎ የመጣው ገበሬውን በአምራቾች ማኅበር ማሰባሰብ ነበር፤ መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ እየተባለ በደረጃ። በሬው የጋራ፣ ማሳው የጋራ፣ ምርቱ በሥራ ነጥብ። ወዶ የገባ አልጠፋም፤ ብዙው ግን በካድሬ ጉትጎታና ለም መሬት እንዳያጣ ፈርቶ የገባ ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ ሲያውጅና ማኅበራቱ በአባላት ፈቃድ ሊፈርሱ እንደሚችሉ ሲታወቅ፣ አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ፈረሱ። ገበሬው በሬውን ፈትቶ፣ ማሳውን ሸንሽኖ ወደየቤቱ ገባ። ስብሰባ ያልፈታው ክርክር በአንድ ክረምት ተፈታ።

ስለዚህ «በግድ የተጫነ የጋራ አይሠራም» ለማለት ኢትዮጵያዊ አትላንቲክን መሻገር አያስፈልገውም። የራሱ 1623 አለው፤ 1982 ይባላል። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ገበሬው በ1982 የመሸጥ መብት አላገኘም። ያገኘው የዘራውን የማጨድ መብት ነው፤ ያውም ሳይጻፍለት። ልክ እንደ ብራድፎርድ ሰፋሪዎች፣ ቶሎ እንዲሠራ ያደረገው እሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ማስረጃም ወደዚሁ ያመለክታል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በትግራይ፣ ቀጥሎም በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ለገበሬው የይዞታ ደብተር ተሰጠ፤ በብዙ ቦታ የሚስትም ስም ከነፎቶዋ ገባ። ደብተሩ መሸጥን አልፈቀደም። ያም ሆኖ ገበሬው እርከን መሥራትና ዛፍ መትከል ላይ እጁ እንደተፈታ በጉዳዩ ላይ የተደረጉ ጥናቶች መስክረዋል። ሰው ነገ በቦታው እንደሚኖር ካመነ ለነገ ይሠራል። ሽያጭ የዚህ አንዱ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ብቸኛው ግን አይደለም።

ቀራንዮ ላይ ባለቤቱ ማነው?

አሁን ወደ ዛሬዋ ቀራንዮ እንምጣ።

በሕገ መንግሥቱ መሠረት መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በ1986 ዓ.ም የወጣው የሊዝ አዋጅ፣ በ2004 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 721 የከተማ ቦታን በጨረታ ወይም በምደባ የሚተላለፍ አደረጉት፤ ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት። መሬት አይሸጥም የሚለው አገር፣ በካሬ ሜትር ዋጋ እያወጣ ለከፍተኛ ተጫራች የ99 ዓመት መብት ይሰጣል። ይህን «ሽያጭ አይደለም» ለማለት የሕግ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ የቀራንዮ ሰው ግን ስሙን ያውቀዋል። ገበያ አለ፤ ሻጩ ግን አንድ ብቻ ነው።

የሂሳቡን አሠራር እንይ። የከተማው ዳር ገበሬ መሬቱ «ለሕዝብ ጥቅም» ሲፈለግ ይነሳል። በ1997 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ካሳው የአምስት ዓመት አማካይ ምርቱ በ10 ተባዝቶ ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ከሦስቱ ዓመታት ከፍተኛውን ወስዶ በ15 እንዲባዛ አደረገ፤ ተሻሽሏል፣ አይካድም። ነገር ግን ሁለቱም የሚለኩት ጤፉን ነው። መሬቱ በማግስቱ የሚለካው ግን በጤፍ አይደለም፤ በካሬ ሜትር፣ በአስፋልት ቅርበት፣ በሊዝ ጨረታ ነው። በጤፍ ገዝቶ በፎቅ የሚሸጥ ነጋዴ ከስሮ አያውቅም። ልዩነቱ የማን ነው? በወረቀት «የሕዝብ»። ያ ሕዝብ ግን ዋናው አካሉ፣ ማለትም ከመሬቱ የተነሳው ሰው፣ ድርሻውን አያይም።

ከተማ ውስጥ ላለው ቤትም ነገሩ ያው ነው። ካሳው ለግንባታው ይታሰባል፤ ለእንጨቱ፣ ለጭቃው፣ ለቆርቆሮው። ቦታው ባለፉት 40 ዓመታት ያፈራው ዋጋ፣ ነዋሪው መንገድ አዋጥቶ ያስጠረገበት፣ የመብራት ምሰሶ ያስተከለበት፣ ያ ሁሉ ከሂሳቡ ውጭ ነው።

ከዚያ በታች ደግሞ «የጨረቃ ቤት» አለ። በሌሊት ተሠርቶ በጠዋት የሚቆም፣ ገበሬው በጥቁር ገበያ ቆርሶ የሸጠው፣ ደላላ የሸመገለው፣ ደንብ አስከባሪ እያወቀ ያለፈው ቤት። ዕጣው የሚወሰነው በ1997 ዓ.ም በተነሳው የአየር ፎቶ ላይ በመታየት አለመታየቱ ነው። ከሰማይ የታየ ይስተናገዳል፤ ያልታየ ይፈርሳል። መሬት አይሸጥም የሚለው ሕግ ሽያጩን አላስቀረውም። ሽያጩን ወደ ጨለማ አስገባው፤ በጨለማ ደግሞ የሚያተርፈው ደሀው አይደለም።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም በዚሁ ክፍለ ከተማ በቆሼ የቆሻሻው ተራራ ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት። እነዚያ ሰዎች ቆሻሻ ሥር የሰፈሩት መሬት ስለጠፋ አይደለም። «የሁሉም» በተባለ ከተማ ውስጥ የማንም ያልሆነ ብቸኛው መሬት እሱ ስለነበረ ነው። የአገሪቱ መሬት በእርግጥ የሕዝብ ቢሆን ኖሮ፣ ሕዝብ ቆሻሻ ሥር ቤት ባልሠራ ነበር።

እውነተኛው የጋራ የት ነው?

የመንግሥትን መሬት «የጋራ» ብሎ የሚጠራ ሰው ቀራንዮ ላይ እውነተኛውን የጋራ ለማየት ሩቅ መሄድ የለበትም። እድሩን ይመልከት። ድንኳኑ የጋራ ነው፣ አግዳሚ ወንበሩ የጋራ ነው፣ ብረት ድስቱ የጋራ ነው። ባለቤቶቹ በስም ተመዝግበዋል። ዳኛውን ይመርጣሉ፣ ያወርዱታል። ገንዘብ ያዡ በዓመቱ ሂሳብ ያቀርባል፤ ካላቀረበ ስብሰባው አይበተንም። መግባት የሚፈልግ መዋጮ ከፍሎ ይገባል፣ መውጣት የሚፈልግ ይወጣል። ከእድሩ ድንኳን አንዱን ገንዘብ ያዡ ለባለሀብት በጨረታ ቢያወጣ ምን ይደርስበት ነበር? መልሱን ማንም ያውቃል።

የጋራ ንብረት ማለት ይህ ነው፦ ባለቤቱ የታወቀ፣ ሂሳቡ የሚጠየቅ፣ እምቢ ማለት የሚቻልበት። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል የጋራነቱ ይቀራል።

ይህን ልዩነት ቤተ ክርስቲያንም ከጥንት ታውቀዋለች። በአንድነት ገዳም መነኩሴው የእኔ የሚለው የለውም፤ ገበታው አንድ፣ ሥራውም አንድ ነው። በቁሪት ገዳም ደግሞ መነኩሴው የራሱን ቤት ይዞ ራሱን ያስተዳድራል። ሁለቱም ገዳም ናቸው፤ አንዱ ሌላውን መናፍቅ አይለውም። የሚለያቸው መነኩሴው አውቆ የገባበት ሥርዓት ነው። የሐዋርያት ሥራን ያነበበም ያስታውሳል፦ ሐናንያ የተቀሰፈው መሬቱን ሸጦ ከዋጋው በማስቀረቱ አልነበረም። ጴጥሮስ መሬቱ ሳይሸጥም የራሱ እንደነበር፣ ከተሸጠም በኋላ ገንዘቡ በእጁ እንደነበር ነግሮታል። ኃጢአቱ ውሸቱ ነበር። በኢየሩሳሌም የነበረው የመጀመሪያው የክርስቲያኖች ኅብረት እንኳ የጋራውን የመሠረተው «የራስህ ነው» ከሚለው ተነስቶ ነው። ያልነበረህን ማካፈል አትችልም።

ፎገራም ምስክር አላት። በ1964 ዓ.ም ዙምራ ኑሩ ያቋቋሙት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ እስከ ዛሬ አለ። ተሰዶ ተመልሷል፤ ሲመለስ ከመሬቱ የተረፈው ጥቂት ነበር፤ ወደ ሽመናና ወፍጮ ዞሮ ቆመ። የደርግ ማኅበራት በወራት ሲበተኑ አውራ አምባ ለምን ቆየ? አባሉ ወዶ ስለገባና መውጫውም ክፍት ስለሆነ። የጋራ ንብረት ሞኝነት አይደለም፤ በካድሬ ሲታዘዝ ግን ይሞታል።

ከሁሉ የሚያስቀው ግን የኮንዶሚኒየሙ ነገር ነው። በአንድ ብሎክ ውስጥ ግድግዳው የግል ነው፤ ደረጃው፣ ጣሪያውና ኮሙናሉ የጋራ ነው፤ መሬቱ የመንግሥት ነው። የግሉን ባለቤቱ ቀለም ይቀባዋል። የጋራው ላይ ነዋሪው ይጨቃጨቃል፤ የጥበቃ ደመወዝ፣ የውኃ ሞተር፣ ኮሙናሉን ለሠርግ ማን አከራየ፣ ገንዘቡስ የት ገባ። ጭቅጭቁ መሰልቸትን ያመጣል፤ ግን የባለቤት ጭቅጭቅ ነው። ስለ መሬቱ ግን ማንም አይጨቃጨቅም። የእነሱ እንዳልሆነ ስለሚያውቁ ነው።

ሰፈር ሲነሳ የሚጠፋውም ይኸው እውነተኛ የጋራ ነው። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማት ስም ብዙ ሰፈሮች ተነስተዋል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፤ ማማሩን የሚክድ ዓይኑን ይታከም። የተነሳው ሰው ግን ኮንዶሚኒየም ወይም ምትክ ቦታ ሲያገኝ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ደቡብ ይሄዳል። እድሩ ይበተናል፤ እቁቡ ይፈርሳል። አዋጅ 1161 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ የሚል ቃል አስገብቷል፤ ሕግ አውጪው ጉዳቱን ማየቱ መልካም ነው። ካሳው ግን ለተነሺው በግል የሚሰጥ ገንዘብ ነው። 40 ዓመት የኖረን እድር በግል ካሳ መተካት ድንኳኑን ቀዶ ለእያንዳንዱ አባል ቁራጭ ጨርቅ እንደማደል ነው። እንዲህ እያለ «የሕዝብ» የተባለው መሬት የሕዝቡን የጋራ ይበላል።

«ገበሬው ይሸጠዋል» ለሚሉ

የወዲያኛው ወገን ፍርሃት ሊናቅ አይገባም። በድርቅ ዓመት፣ በሕመም፣ በልጅ ሠርግ ምክንያት የሚሸጥ መሬት ነበር፤ ይኖራልም። የደቡቡ ታሪክ ለገበያ ብቻ የተተወ መሬት የት እንደሚደርስ አሳይቷል። ነገር ግን ይህን ፍርሃት የሚያነሱት ሰዎች አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ ገበሬው በችግር ቀን በራሱ ፈቃድ ሸጦ ከተማ ቢገባ ውርደት ከሆነ፣ በደብዳቤ ተነስቶ በጤፍ ሂሳብ ካሳ ተቀብሎ ከተማው ላይ ዘበኛ ሲሆንስ ምን ይባላል? የመጀመሪያው ቢያንስ በዋጋው ተደራድሯል።

የገበያው ወገን ደግሞ ይህን ይመልስ፦ ነገ መሬት ይሸጥ ቢባል፣ በቀራንዮ ዙሪያ ካርታው በማን ስም ይወጣል? ዛሬ በሊዝ የያዘው? የተነሳው ገበሬ? የጨረቃ ቤት የሠራው? ወይስ ከሁሉም በፊት የነበረው? የ«ማን ነበር» ጥያቄ ሳይመለስ የሚታወጅ የግል ባለቤትነት ሁለተኛ ቃላድ ነው፤ ዛሬ ያለው ሰው የያዘውን ይዞ በሩን ይዘጋል። በ2006 ዓ.ም የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን ያስነሳው ተቃውሞ፣ የጠፋው ሕይወት፣ በ2008 የዕቅዱ መሰረዝ፣ ሁሉም የሚናገሩት ይህ ጥያቄ እንዳልሞተ ነው። በካርታ ላይ ቀለም ስለተቀባበት አይሞትም።

እንግዲህ ምን ይሁን?

«የግል ወይስ የጋራ» የሚለው ሙግት ለጊዜው ይቆየን። ከእሱ በፊት ማንኛውም ወገን ሊስማማባቸው የሚገቡ አራት ነገሮች አሉ፤ ለአንዳቸውም አንቀጽ 40ን መቀየር አያስፈልግም።

አንደኛ፣ ካሳ በሚወሰደው ሳይሆን በሚሆነው ይለካ። መሬቱ በሊዝ ሲወጣ ከሚገኘው ገንዘብ የታወቀ ድርሻ ለተነሺው ይሰጥ። መሬቱ በእርግጥ የሕዝብ ከሆነ የመጀመሪያው ሕዝብ እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ «የሕዝብ ጥቅም» የሚለው ቃል ወሰን ይበጅለት። መንገድ፣ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት የሕዝብ ጥቅም ነው። ለግል ባለሀብት ሆቴል ሰው ማንሳት ግን ንግድ ነው፤ ንግድ ከሆነ ባለሀብቱ ከነዋሪው ጋር ተቀምጦ ይደራደር፣ ነዋሪውም እምቢ ማለት ይቻለው።

ሦስተኛ፣ በጋራ መያዝ ለሚፈልግ በጋራ ይጻፍለት። እድር፣ የሰፈር ማኅበር፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ደብር በስሙ ይዞታ ኖሮት በጋራ የመነሳትና በአንድ ቦታ የመስፈር መብት ይኑረው። በግል መያዝ የሚፈልግም በግል ይያዝ። አንድነትም ቁሪትም በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከኖሩ፣ በአንድ ከተማ መኖር አያቅታቸውም።

አራተኛ፣ ሂሳቡ ይታይ። በየዓመቱ በየክፍለ ከተማው ስንት ካሬ ሜትር ተወሰደ፣ ለማን ተሰጠ፣ በስንት፣ ለተነሺው ስንት ተከፈለ፤ በየወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። እድሩ የብረት ድስት ሂሳብ የሚያቀርብ ከሆነ፣ የአገር መሬት የያዘ ገንዘብ ያዥ ምን አግዶት?

በ1623 ፕሊማውዝን ያጠገባት የ«ግል» የሚል ቃል አልነበረም። ዘሪው አጫጁ እሱ ራሱ መሆኑን ማወቁ ነው። በ1982 የኢትዮጵያ ገበሬም ይህንኑ አሳይቷል። የቀራንዮ ሰውም የሚጠይቀው ከዚህ አይበልጥም፦ ዛሬ የሠራው ቤት ነገ በደብዳቤ እንዳይፈርስ፣ ከፈረሰም ዋጋውን ራሱ እንዲናገር። ይህ እስኪሆን ድረስ መሬት የሕዝብ ነው የሚለው ቃል በሕገ መንግሥቱ ላይ ያማረ ሆኖ ይቀመጣል፤ ቁልፉ ግን በቢሮው መሳቢያ ውስጥ ነው።